ሌቭላቸው የተለያየ ልጆች አንድ ላይ ዲኤንዲ ሲጫወቱ ፍልሚያውን እንዴት ታመጣጥናላችሁ?

ጠያቂ፦ ደሴ ቧንቧ ውሃ እኛ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ዲኤንዲ (ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ አንዱ ጭራቆች እያመጣ ሲመራ ሌሎቹ ገጸ ባህሪ ይዘው በዳይስ የሚፋለሙበት የጠረጴዛ ጌም) አምስተኛውን እትም እንጫወታለን፣ ሶስቱ ሌቭል 5 ናቸው አሁን ከኮምቦልቻ ሁለት ልጆች በሌቭል 1 ገቡ፣ ባለፈው ኦገሩ (ግዙፍ ጭራቅ ነው) አንዴ ሲመታት 7 የህይወት ነጥብ ያላት ዊዛርድ (አስማተኛ) ተዘረረች፣ የምትጫወታት ልጅ ዳይሷን አስቀምጣ ዝም አለች፣ በጣም ነው ያዘንኩት። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦ አብሽር ወንድሜ። አማካይ ሌቭል አውጥተህ እንዳትሰራ፣ በ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) ህግ መካከለኛ ፍልሚያ ለሌቭል 1 ሰው 50 ኤክስፒ (የልምድ ነጥብ) ለሌቭል 5 ደግሞ 500 ነው፣ የእያንዳንዱን ደምርና ፍልሚያውን በዛ ለካ። ግን ድምሩ ብቻውን አያድንህም፣ ኦገሩን ትልልቆቹ ይያዙት ለአዲሶቹ ጎብሊን (ትንንሽ ጭራቅ) አሰልፍላቸው።

መልስ 2፦ ከፍልሚያው የሚያገኙትን ኤክስፒም እኩል አካፍል! ነባሮቹ 6 ለመግባት 7500 ሲሰበስቡ አዲሶቹም በዛው 7500 ሌቭል 5 ገብተዋል፣ የሚያስፈልጋቸው 6500 ነው።

ጠያቂ፦ ይሄንንማ አላሰብኩትም ነበር፣ ተባረኩ! ቅዳሜ ጎብሊኖቹን አመጣለሁ።