ይህችን የብር ማንኪያ የሠራው ማን ይሆን?

ሰላም ወገኖች። የእንግሊዝ አሮጌ ብር የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። በእጄ ያለችው የሻይ ቅጠል የሚዘገንባት አጭር ማንኪያ ናት። እጀታዋ ላይ አምስት ምልክቶች ተመተዋል።

አራቱ ብዙም አላስቸገሩኝም። የሚራመደው አንበሳ ብሩ 925 መሆኑን፣ ማለትም ከሺህ እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር መሆኑን ይናገራል። መልህቁ ብሩ የተፈተሸባት የእንግሊዝ ከተማ የበርሚንግሃም ምልክት ነው። የንጉሡ ራስ ግብር መከፈሉን ያሳያል፤ በፈረንጆቹ ከ1784 እስከ 1890 ይመታ ነበር። ፊቱ ወደ ቀኝ ስለዞረ ከንግሥት ቪክቶሪያ በፊት ነው፤ እሷ ወደ ግራ ነው የምታየው። ምልክቱ የተመታበትን ዓመት የሚነግረው ፊደል ክፉኛ ተፍቋል። ግን ትንሹ (እንደ a እና b ያለው) የላቲን ፊደል መሆኑ ይለያል፤ ስለዚህ ከ1798 እስከ 1823 ባለው ውስጥ ይወድቃል።

ያቃተኝ የሠሪው ማኅተም ነው። «አይ» እና «ቲ» ይላል። በዚያ ዘመን «ጄ»ን በ«አይ» ቅርጽ ይመቱ ስለነበር ጆሴፍ ቴይለርን አሰብኩ። በርሚንግሃም ውስጥ እንዲህ ባሉ ትናንሽ ዕቃዎች የታወቀ ሠሪ ነው። ግን ሁለት ፊደል የብዙ ሰው ስም ሊሆን ይችላል። በግምት ብቻ ስሙን ልለጥፍባት አልፈልግም፤ እውነተኛ ሠሪዋ ይገባታል።

የማኅተሙ ዙሪያ አራት ማዕዘን ነው፤ አንዱ ጠርዝ ተበልቷል። በፊደሎቹ መካከል ነጥብ ያለ ይመስላል፤ ጭረትም ሊሆን ይችላል። የቴይለር ሥራ በእጃችሁ ያለ፣ ዙሪያው ሞላላ ነው ወይስ እንደዚህ? ነጥቡስ አለ? የተፋቀ ምልክት ብሩን ሳይጎዱ ማንበቢያ ዘዴ ካላችሁም ንገሩኝ። የቀረውንም እንዳያጠፋብኝ ፈርቼ ፖሊሽ አላስነካኋትም።