ጫማ የላጠው ተረከዝ በጨው ውሃ ይዘፈዘፋል?

ሰላም ቤቶች። ለሰርግ የገዛሁት ጫማ ተረከዜን ልጦታል። ቀልቷል፣ ካልሲ ሲነካው ያቃጥላል፤ መግል ግን የለውም። እማዬ «በሞቀ ውሃ ጨው አድርገሽ ዘፍዝፊው» ትላለች። ስንት ጨው? ቤት ያለው ድንጋይ ጨው ነው።

— ለ1 ሊትር 2 የሻይ ማንኪያ በቂ ነው። ድንጋዩን ቀጥቅጠሽ መጀመሪያ አሟሚው። እኔ ሳይሟሟ ነክሬ ጠጠሩ ቁስሌ ውስጥ ገብቶ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኬያለሁ! ውሃው ለብ ይበል። ከ10 ደቂቃ በኋላ በንጹህ ፎጣ ጠብ ጠብ አድርገሽ አድርቂው፣ እንዳትፈትጊው።

— ስኳር ያለበት ሰው ግን አይሞክረው። አባቴ እግራቸው ደንዝዞ ሙቀቱ ሳይሰማቸው ሳፋ ውስጥ ተቃጥለዋል። አንቺም ቅላቱ ከሰፋ ወይ መግል ከያዘ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

— እሺ፣ ተባረኩ። ሁለት ማታ ዘፈዘፍኩት፣ ማቃጠሉ ቀንሷል። ሰርጉን በነጠላ ጫማ ነው የምሄደው፤ ሙሽራዋ ከፈለገች ትቀየም።