ማርትሬዛ ላይ 1780 ይላል፤ ታዲያ መልሱ 1780 ነው ወይስ አይደለም? ፍረዱን

ሳንቲም ለቃሚ (ኮምቦልቻ)

ሰላም የድሮ ገንዘብ ወዳጆች። በኔ ጥፋት ሁለት ሰው ተኮራርፏል፣ እስቲ ፍረዱን።

ደሴ ፒያሳ እሑድ እሑድ ቡና እየጠጣን ሳንቲም የምንቀያየር ጥቂት ሰዎች አለን። እኔ የሀረጎን ዳገት ወጥቼ ነው የምደርሰው፣ ብርዳችሁን ችዬ። በዚህ ሰሞን አንድ ማርትሬዛ፣ ያቺ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለባት የድሮ ጠገራ ብር፣ በነጻ ልስጥ አልኩ። ዝም ብሎ ዕጣ ከማውጣት ግን ስለ ጦርነት ዘመን አምስት ጥያቄ ላዘጋጅ፣ ሁሉን የመለሰ ይውሰዳት ብዬ ተነሳሁ። ከውጫሌ ጀምሮ እስከ ጣሊያን መባረር ማግስት ድረስ ብቻ። የቅርቡን ጦርነት አላስገባሁም፣ እሱ ለጨዋታ አይሆንም።

አራቱ ያለ ችግር አለፉ። የውጫሌ ውል መቼ ተፈረመ (ሚያዝያ 25, 1881)። ምኒልክ የራሳቸውን ብር የት አሳተሙ (ፓሪስ፣ ያውም ከዓድዋ በፊት)። ጃንሆይ ደሴ እያሉ ጣሊያን ከተማዋን በአውሮፕላን የደበደበው መቼ ነው (ኅዳር 26, 1928)። አንዱ «ዲሴምበር 6, 1935» ብሎ ጽፎ ነበር፣ ያው አንድ ቀን ስለሆነ ተቀበልኩት። ጣሊያን ከወጣ በኋላ እንግሊዝ ምን ገንዘብ አስገባ (የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ)።

አምስተኛው «ይቺ ብር መቼ ታተመች?» ይላል። የመልስ ወረቀቴ ላይ 1780 ብዬ ጽፌያለሁ። አንዱ ልጅ 1780 አለ። አንዷ ደግሞ «ላይዋ ላይ ካለው ቁጥር አይታወቅም» ብላ ጻፈች። ኤክስ ሰጠኋት። ከዚያ ጉድ ፈላ። ብሯ የማን ናት?

የጦሳ ጉም

ልጄ፣ ኤክሱ የሚገባው ላንተ ነው።

1780 ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፣ ያውም በፈረንጅ። ከዚያ ወዲህ ብሩ በየአገሩ ሲታተም ቁጥሩ አልተነካም፤ የኛም ገበያ፣ ባሕር ማዶ ያለው የዓረቡም ገበያ የለመደውን መልክ እንጂ ሌላ አልቀበልም ብሎ። ስለዚህ ያ ቁጥር እንደ ማኅተም ነው። ትናንት ብትታተምም 1780 ትላለች።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የጦርነት ጥያቄ እያዘጋጀህ ዋናውን የጦርነት ታሪክ እጅህ ላይ ይዘህ አላየኸውም! በፈረንጅ 1935 ሙሶሊኒ ሊወረን ሲሰናዳ የማተሚያውን ቅርጽ ከቪየና ተረክቦ ይቺኑ ብር ሮም ላይ ማሳተም ጀመረ። ለምን ብትል፣ ባላገሩ የሊራ ወረቀት በጄ አይልማ። በቅሎ ለመግዛት፣ ለጉልበት ለመክፈል፣ ባንዳ ለማስከተል ጠገራ ብር ያስፈልገዋል። እንግሊዝም ወዲያው ለንደን ላይ ማተም ጀመረች፣ በኋላ ደግሞ ቦምቤይ ላይ። ጃንሆይን ይዞ በሱዳን በኩል የገባው ጦር በግመል ጭኖ ያመጣው ገንዘብ ይኸው ማርትሬዛ ነው። ያንተዋ ከየትኛዋ እንደሆነች በምን ታውቃለህ? ወራሪው ለባንዳ የከፈላትን ብር ሽልማት ብለህ ይዘህ ይሆናል።

ስለ ደሴም ካነሳህ አይቀር፣ ያን ቀን ጃንሆይ ራሳቸው መትረየስ ላይ ቆመው ሲተኩሱ ፎቶው አለ። የአሜሪካኖቹ ሆስፒታልም ተመትቷል። እሱን ብትጠይቅ ይሻል ነበር።

ቦርከና

ጋሼ ያሉት ታሪክ ልክ ነው። ግን ውድድር ውድድር ነው። ጠያቂው መልሱን 1780 ብሎ አስቀምጧል፣ ልጁ 1780 ብሏል፣ አለቀ። ዳኛው ከተሳሳተም ተጫዋች አይቀጣም። ወይም ለሁለቱም ስጥ። እኔ ጋ 1936 የሚል ሃምሳ ሳንቲም አለ፣ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባበት ዓመት። የጦርነት ነገር ስለሆነ እሱን ላዋጣ።

የባቲ ልጅ

ኤክስ የተሰጠኋት እኔ ነኝ 😀

መጀመሪያ ቦርከናዬ፣ ያ 1936 የኛ አቆጣጠር ነው። በግዕዝ ፲፱፻፴፮ ተብሎ ነው የተጻፈው፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ። አዲስ አበባ የገባው በኛ 1928 ነው። ሳንቲሙም አሜሪካን አገር ነው የተመታው። ደግሞ ዓመቱ ካለፈ በኋላም ያንኑ 1936 እየጻፉ ማተም ቀጥለዋል፣ ስለዚህ እሱም እንደ ማርትሬዛዋ ነው፣ በቁጥሩ አትመነው። አብሽር፣ እኔም ድሮ ተሸውጄበታለሁ።

እኔ መጽሐፍ አንብቤ አይደለም ያወቅኩት። የአያቴ ድሪ ላይ ሰባት ማርትሬዛ አለ። ሰኞ ገበያ ስትወጣ ነበር የምታጠልቀው። ሰባቱም 1780 ይላሉ። ልጅ ሆኜ አንዷን ሳያት የሴትዮዋ ጉንጭ ተልጦ ጠፍጣፋ ሆኗል፣ አፍንጫዋ የት እንዳለ በጣት ዳብሰህ ነው የምታገኘው። አጠገቧ ያለችው ደግሞ የንስሩ ላባ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ትከሻዋ ላይ ያለው ፈርጥ እንኳ አልደበዘዘም። እና ወላሂ እነዚህ ሁለቱ በአንድ ዓመት ተመትተው ነው? አያቴን ስጠይቃት «አንዷ የእናቴ ናት፣ አንዷ ጣሊያን ሲገባ የመጣች ናት» አለችኝ። በቃ፣ እሷ ናት መምህሬ።

1780 ላለው ልጅ ግን አልተቀየምኩም። ጥያቄው ነው የተበላሸው።

ዝምተኛ አንባቢ

ጥያቄ አለኝ። ብሯ እውነተኛ መሆኗን ያየ አለ? ጠርዟን እዩ፣ ዙሪያውን ከፍ ብሎ የተጻፈ የላቲን ጽሑፍ ሊኖራት ይገባል፣ ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው። ከምስሉ በታች ደግሞ ኤስ ኤፍ የሚሉ ሁለት ፊደሎች። ክብደቷ 28 ግራም ገደማ ነው። ማግኔት ከሳባት ነገሩ ሁሉ አለቀ፣ ለማንም አትስጧት።

ሳንቲም ለቃሚ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ ተቀጥቻለሁ። ቦርከና፣ ያንተም ነጥብ ገብቶኛል፣ ግን አውቆ የመለሰን ሰው ስለኔ ስህተት መቅጣት አልችልም። የባቲ ልጅ፣ ይቅርታ እህቴ፣ ብሯ ያንቺ ናት። ለልጁም ባዶ እጅ አይሆንም፣ ክቡን ሃያ አምስት ሳንቲም እሰጠዋለሁ። ክቡን ነው ያልኩት፣ ጠርዙ እንደ አበባ የሆነውን አይደለም። ክቡን ሌቦች ብር እየቀቡ በሃምሳ ሳንቲም ሲያሳልፉት ነው ጠርዙ የተቀየረው፣ ስለዚህ ወሬም አለው። ነግሬዋለሁ፣ ስቋል፣ ታርቀናል።

ጠርዟን አየሁ፣ ጽሑፉ አለ። አንድ ቦታ ላይ ግን ተፍቋል፣ ከላይ በኩል። ቀለበት ተበይዶባት የተነቀለ ይመስለኛል፣ አንገት ላይ የዋለች ናት። ይሄን ሳልናገር ብሰጥሽ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። እሑድ ሚዛን ይዤ እመጣለሁ።

የባቲ ልጅ

የተነቀለባት ብትሆን ይሻለኛል፣ ከሰባቱ ጋር ትገጥማለች። ሚዛኑን ግን እኔ ነኝ የማመጣው። ያንተን አላምነውም።