ከአንድ ናሙና ሁለት የቲኤችሲ (የካናቢስ አስካሪ ንጥረ ነገር) መጠን አገኘሁ፤ የቱን ልመን?

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ በፖሊስ የተያዘ የካናቢስ ናሙና በፍርድ ቤት ትእዛዝ እየመረመርኩ ነው። በጋዝ ክሮማቶግራፊ (ናሙናውን በሙቀት አትንኖ ንጥረ ነገሮቹን በሚለየው ዘዴ) 5.8 በመቶ ቲኤችሲ አገኘሁ፤ በኤችፒኤልሲ (ሳያሞቅ በፈሳሽ በሚለየው ዘዴ) ግን 7.4 በመቶ። ሁለተኛውን ያሰላሁት የቲኤችሲኤውን (ሲሞቅ ወደ ቲኤችሲ የሚለወጠውን አሲድ) መጠን በ0.877 አባዝቼ ቲኤችሲውን በመደመር ነው፤ አሲዱ ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያጣ ክብደቱ ይቀንሳልና። የጋዝ መሣሪያው መግቢያ ሙቀት አሲዱን ሙሉ በሙሉ አልለወጠው ይሆን? ወይስ ቲኤችሲው ራሱ እየፈረሰ ነው? በክሮማቶግራሙ (በመሣሪያው የውጤት ግራፍ) ላይ ካናቢኖል፣ ማለትም ቲኤችሲ ሲፈርስ የሚፈጠረው ንጥረ ነገር፣ ጎልቶ አልታየኝም። የክረምቱ እርጥበት ነው እንዳልል፣ ሁለቱንም የመዘንኩት ከአንድ ብልቃጥ፣ በአንድ ቀን ነው።

በዚህ ወረቀት የሰው ጉዳይ ይወሰናል፤ በግምት መፈረም አልችልም። ናሙናውን አስቀድሞ በምድጃ ማሞቅ ይሻላል ወይስ በሲሊሌሽን (በኬሚካል በመሸፈን) አሲዱ እንዳይለወጥ መጠበቅ? የሠራችሁበትን ሙቀትና ደቂቃ ብትነግሩኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።