የልደታው አሮጌ አውሮፕላን ሜዳ፦ ከጃን ሜዳና ከአቃቂ እንዴት ይለያል?

ዳር አገር፦
ሰላም ወገኖች። በልደታ ስለነበረው ወታደራዊ አውሮፕላን ሜዳ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ችግሩ፣ የሚገኘው ወሬ ሁሉ ጃን ሜዳን፣ አቃቂንና ልደታን ያደበላልቃል። የቱ የቱ ነው? ለምንስ ተተወ? ማኮብኮቢያው የነበረበትንስ በዛሬ ሳተላይት ምስል ላይ ማስመር ይቻላል?

የድሮ መዝገብ፦
በዘመን ብትለያቸው አይምታቱም። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ ያበረራት ፖቴዝ 25 አውሮፕላን ከጅቡቲ መጥታ ያረፈችው ጃን ሜዳ ነው። መጋቢት 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች የደበደቡት ደግሞ አቃቂን ነው፤ ያኔ ከከተማው ውጭ ነበር። ልደታ በአየር መንገዱ ታሪክ የሚገባው ከነፃነት በኋላ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 በሲ-47 አውሮፕላን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ በረራ ሲጀምር መነሻው እዚያ ነበር። መንገደኛው ወደ ቦሌ ሲዛወር ሜዳው ለምድር ጦር ቀረ። የአየር ኃይሉ ዋና ሰፈር ግን ቢሾፍቱ ነው፤ «የአየር ኃይል ዋና ቤዝ ልደታ ነበር» የሚል ካየህ አትቀበለው።

ክንፍ፦
ለምን ተተወ ላልከው፣ ማኮብኮቢያው ለጄት አጠረ። አየር መንገዱ ቦይንግ 720 ጄት ሲያዝዝ ነው ነገሩ የታወቀው። ምክንያቱ ከፍታው ነው። 2,350 ሜትር ላይ በመደበኛው ስሌት የሚጠበቀው ሙቀት ዜሮ ዲግሪ ገደማ ነው። ቀኑ 25 ዲግሪ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ትርፍ ዲግሪ 36 ሜትር ያህል ስትደምር አውሮፕላኑ 3,250 ሜትር ላይ እንዳለ ይቆጠራል። አየሩ በባሕር ወለል ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ሞተሩ ይደክማል፣ ክንፉም ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ሁለቱ ሲደመሩ መንደርደሪያው በጣም ይረዝማል። እንደ ዲሲ-3 ያለ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ጭነት ቀንሶ ይወጣዋል፤ የጊዜው ጄት ግን ጭነት ቀንሶ ናይሮቢና አውሮፓ መመላለስ አያዋጣውም።

ባለካርታ፦
ለማስመሩ ኮሮና የተባሉትን የአሜሪካ የስለላ ሳተላይቶች ፎቶዎች ተጠቀም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1972 የተነሱ ናቸው፣ በ1995 ይፋ ሆነዋል። አርዝ ኤክስፕሎረር በተባለው ድረ ገጽ ላይ ስካን የተደረገው በነፃ ይወርዳል። ከ1967 ወዲህ ያሉትን አስቀድም፤ እስከ 1.8 ሜትር ድረስ ያነሰ ነገር ለይተው ያሳያሉ።

ፊልሙ ፓኖራማ (ሰፊ ቦታ እየጠረገ የሚያነሳ) ስለሆነ ጠርዝና ጠርዙ ይለጠጣል። ሙሉውን አትጫን፤ ልደታን ከነዙሪያው ብቻ ቁረጥና በካርታ ሶፍትዌሩ ኪውጂአይኤስ ውስጥ ባለው ጂኦሪፈረንሰር (ምስልን ከትክክለኛ ቦታው ጋር የሚያገጥም መሣሪያ) ከ15 እስከ 20 ነጥብ ስጠው፤ ነጥብ ማለት በፎቶውም በዛሬውም ምስል የሚታይ አንድ ቦታ ነው። የለገሃር ጣቢያ ሕንፃና የድሮ ድልድዮች ጥሩ ናቸው። አደባባይ አትያዝ፣ ብዙዎቹ ፈርሰዋል። የአስፋልት ጠርዝም አይሆንም፣ መንገዱ ሰፍቷል። ቲን ፕሌት ስፕላይን የተባለውን ምስሉን በየነጥቡ የሚያጎብጥ ስልት ከመረጥክ ስህተቱን ዜሮ ብሎ ያሳይሃልና አትመነው፤ አራት ነጥብ ሳታስገባ አስቀርና በእነሱ ፈትን።

ዳር አገር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ከ1፡50,000 ካርታ ያነበብኩት ነጥብ ግን ምስሉ ላይ ሳስቀምጠው ወደ ደቡብ ምዕራብ ይሸሻል። 200 ሜትር ያልፋል።

ባለካርታ፦
ካርታው በአዲንዳን ዳተም (ቦታ የሚለካበት መነሻ) ነው የተሠራው፣ አንተ ዳብሊውጂኤስ 84 በተባለው የጂፒኤስ ዳተም አስገብተኸዋል። የካርታውን ሌየር ኢፒኤስጂ 20137 (የአዲንዳን መለያ ቁጥር) አድርገው፣ ሶፍትዌሩ ራሱ ይቀይረዋል። ነጥቦቹን በእጅህ ገፍተህ አታስተካክል፤ ቀጥሎ የምትጨምረው ካርታ ሁሉ ይዛባብሃል።