ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ ካረፉ በኋላ በምን ተነሥተው ወደ ምድር ተመለሱ?

ጥያቄ፦ ከአንድ የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ መምህር

የተከበራችሁ አባላት፣ ስለ አፖሎ 11 ሳስተምር አንዲት ተማሪ ከባድ ጥያቄ አነሣችብኝ። ከምድር ለመነሣት 110 ሜትር የሚረዝም ሳተርን 5 ሮኬትና ግዙፍ የማስወንጨፊያ ጣቢያ ካስፈለገ፣ ሁለቱም ከሌሉበት ከጨረቃ ገጽ ሰዎቹ በምን ተነሡ? «የስበት ኃይሉ አነስተኛ ስለሆነ ነው» ብዬ ማለፍ አልፈለግሁም። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንዳስረዳቸው ሂደቱን ከነምክንያቱ ብታብራሩልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ከጡረተኛ የፊዚክስ መምህር

መምህር፣ ለተማሪዎችዎ በመጀመሪያ ሊነግሯቸው የሚገባው ወደ ምድር የመለሳቸው መንኮራኩር ጨረቃ ላይ ጭራሽ ያላረፈ መሆኑን ነው። ኒል አርምስትሮንግና በዝ ኦልድሪን ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 1969) በ«ኢግል» ሲወርዱ፣ ማይክል ኮሊንስ «ኮሎምቢያ»ን ይዞ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ጨረቃን ይዞር ነበር። ለመልስ ጉዞው የሚያስፈልገው ነዳጅ፣ የሙቀት መከላከያውና ፓራሹቱ ሁሉ ከእርሱ ዘንድ ስለነበሩ፣ ሁለቱ ሰዎች በራሳቸው ኃይል መድረስ የነበረባቸው እስከ ኮሊንስ ድረስ ብቻ ነው። ለዚህ ዘዴ የናሳው መሐንዲስ ጆን ሁቦልት አጥብቆ ሲከራከር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1962 ተቀባይነት አግኝቷል።

ስሌቱንም ሰሌዳ ላይ ቢያሳዩአቸው መልካም ነው። ጨረቃን በቅርብ ለመዞር በሰከንድ 1.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ሲበቃ፣ ምድርን ለመዞር ግን 7.8 ኪሎ ሜትር ያህል ያስፈልጋል። የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሚወጣው ጉልበት ልዩነት ከ20 እጥፍ ይበልጣል። ከዚያም በላይ፣ ከጨረቃ የተነሣው ክፍል ነዳጁን ጨምሮ ክብደቱ አምስት ቶን እንኳ አይሞላም ነበር።

መልስ፦ ከአንድ የናፍጣ ሞተር መካኒክ

የማስወንጨፊያ ጣቢያውንስ ይዘውት ነበር የወረዱት! ኢግል ሁለት ክፍል ነበራት። እግር ያለው የታችኛው ክፍል በራሱ ሞተር ካሳረፋቸው በኋላ ለላይኛው ክፍል መነሻ መድረክ ሆኖ አገልግሎ እዚያው ቀርቷል። የላይኛው ክፍል ለመነሻ የነበረው አንድ ሞተር ብቻ ስለሆነና እርሱ እምቢ ቢል የሚያድናቸው ስላልነበረ፣ መሐንዲሶቹ ሊበላሽ የሚችለውን ነገር ሁሉ ከሞተሩ አስወጡ። ፓምፕ አልነበረውም፤ ነዳጁን የሚገፋው የታመቀ ሄሊየም ነው። ማቀጣጠያም አልነበረውም፤ ሁለቱ ፈሳሾች እንደተገናኙ በራሳቸው ይነዳሉ። የእኛ ናፍጣ ሞተር ያለ ካንዴላ እንደሚሠራ ማለት ነው፣ ምንም እንኳ ናፍጣ የሚነደው በእመቃ ቢሆንም።

ይህን ሁሉ ተጠንቅቀው ሳለ ሞተሩን ለማስነሣት የሚያስፈልገው ብሬከር ጫፉ ተሰብሮ ተገኘ። ኦልድሪን በማርከር ገፍቶ አስገባው፤ ሠራም። ወንበር ስላልነበራቸው ሁለቱ እንደቆሙ በሰባት ደቂቃ ገደማ ምኅዋር ውስጥ ገቡ፤ ከተነሡ ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላም ከኮሎምቢያ ጋር ተያያዙ።

መልስ፦ ከአንድ የሥነ ፈለክ አፍቃሪ

ቀሪውን በአጭሩ ልጨምር። ሦስቱ ሰዎች ኮሎምቢያ ውስጥ ከተሰባሰቡ በኋላ ኢግልን ለቀቋት። ከዚያም ከምድር በማይታየው የጨረቃ ጀርባ ሳሉ የኮሎምቢያን ዋና ሞተር ለሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል በማንደድ ከምኅዋሩ ወጥተው 60 ሰዓት ገደማ ተጓዙ። ከባቢ አየር ውስጥ የገቡት በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት፣ ከአግድም ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ባዘነበለ መንገድ ነው። ማዘንበሉ ከልክ በላይ ቢሆን ሙቀቱና ጫናው ያጠፋቸዋል፤ ቢያንስ ደግሞ አየሩን ገጭተው ተመልሰው ወደ ጠፈር ይወጣሉ። ፍጥነታቸውን በአብዛኛው የቀነሰው አየሩ ራሱ ሲሆን፣ በመጨረሻ በሦስት ትልልቅ ፓራሹቶች ሐምሌ 17 ቀን ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ አርፈው «ሆርኔት» የተባለችው የጦር መርከብ ተቀበለቻቸው።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ከጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፦ መንኮራኩሯ ከጨረቃ ስትነሣ የሚያሳይ ፊልም አይቻለሁ። ሁሉም ከሄዱ ማን ቀረጸው?

መልስ፦ ከጡረተኛው የፊዚክስ መምህር

ያዩት እ.ኤ.አ. በ1972 የአፖሎ 17ን መነሣት ይመስለኛል። ካሜራው ጨረቃ ላይ ጥለውት በሄዱት መኪና ላይ የተገጠመ ሲሆን፣ ከሂውስተን ሆኖ በሬዲዮ ያዘዘው ኤድ ፌንዴል ነው። ትእዛዙ ጨረቃ ለመድረስ 1.3 ሰከንድ ያህል፣ ምስሉም ለመመለስ የዚያኑ ያህል ስለሚፈጅበት፣ እያየ ቢከተል ኖሮ መንኮራኩሯ ታመልጠው ነበር። ስለዚህ የመነሻውን ቆጠራ ብቻ እየተከተለ ካሜራው ቀና እንዲል አስቀድሞ አዘዘ።