ፍሬን ብቻዬን ላስተነፍስ ብዬ አረፋው አላልቅ አለኝ

ግንፍሌ

ሰላም ለሁላችሁ። ፍሬን ላይ እጃችሁን ያሟሻችሁ ሰዎች እርዱኝ።

መኪናዋ የ2003 ቪትዝ ናት። ፊቷ ዲስክ፣ ኋላዋ ታምቡር ነው። ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) የላትም። ከሶስት ሳምንት በፊት አንድ ጋራዥ የፊት ቀኝ የፍሬን ቱቦ ቀየረልኝ። "አስተንፍሰነዋል" (በዘይቱ መስመር የገባውን አየር አስወጥተነዋል ማለት ነው) ተባልኩና ከፍዬ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፔዳሉ ስፖንጅ ሆኗል። አንዴ ስረግጠው ግማሽ ድረስ ይወርዳል። ሁለቴ ሶስቴ ስደጋግመው ይጠነክራል። ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስወርድ ልቤ ከመኪናዋ ቀድሞ ድልድዩ ላይ ይደርሳል።

ድሮ የሚረግጥልኝ ታናሽ ወንድሜ ነበር። እኔ ከታች "ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!" እያልኩ ስጮህ የኮንዶሚኒየሙ ሰው ሁሉ በረንዳ ላይ ይወጣል። አሁን ሐዋሳ ስራ ይዞ ሄደ። ስለዚህ በእጅ የሚጨመቅ ቫኪዩም ፓምፕ ገዛሁ። ጌጅ አለው፣ ትንሽ የዘይት መቀበያ ጠርሙስ አለው፣ ሁለት ቱቦም አብሮት አለ።

ትናንት ሞከርኩት። ሁለት ነገር ግራ ገባኝ። አንደኛ፣ መመሪያው እስከ 25 ኢንች ሜርኩሪ (ጌጁ ላይ ያለው የግፊት መለኪያ) ይስባል ይላል። እኔ እጄ እስኪዝል ብጨምቀውም 22 ላይ ቀጥ አለ። የተበላሸ ሸጠውልኝ ይሆን? ሁለተኛ፣ ማስተንፈሻ ብሎኑን ስከፍተው አረፋ ይመጣል፣ አሁንም ይመጣል፣ አያልቅም። ግማሽ ሊትር ዘይት ጨረስኩ። ይሄ ሁሉ አየር ከየት ነው የሚመጣው?

ባለ ኮሮላ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ መኪናዋን አቁማት። ቀልዴን አይደለም። ፔዳል ግማሽ እየወረደ የፒያሳ ቁልቁለት አይሞከርም። ታክሲ ተጠቀም።

አረፋው እኔንም አንድ ቅዳሜ ሙሉ አንከራቶኛል። አብዛኛው ከፍሬኑ መስመር የሚመጣ አየር አይደለም። ብሎኑን ስትፈታው ጥርሱ ይላላል። ቫኪዩሙ ደግሞ በጥርሱ ዙሪያ ባለችው ክፍተት የውጪውን አየር ይስባል። ቱቦህ ውስጥ የምታየው እሱን ነው። ዘይት ስትጨምር ብትውል አያልቅም፣ የአዲስ አበባን አየር እየሳብክ ነዋ!

እኔ የምለየው እንዲህ ነው። እንደ አምቦ ውሃ ደቃቅ ሆኖ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ የውጪ ነው። ትልልቅ ሆኖ እየተቆራረጠ የሚመጣ ከሆነ ከውስጥ ነው፣ እሱ ነው መውጣት ያለበት።

መላው ቀላል ነው። ብሎኑን ሙሉ በሙሉ ፈተህ አውጣና ጥርሱ ላይ የቧንቧ ሰራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ ቴፍሎን ሁለት ዙር ጠምጥምበት። ሾጣጣ ጫፉንና ጎኑ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ግን እንዳትሸፍን። ሲወጣ ዘይት ስለሚንጠባጠብ ቶሎ በል። ከዚያ መጀመሪያ ጨምቅ፣ ቀጥሎ ብሎኑን ሩብ ዙር ብቻ ክፈት። ጌጁ ዜሮ ሳይገባ ዝጋ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከፍቶ መጨመቁ ላይ ነው።

የፊዚክስ መምህር

ስለ 22ቱ እኔ ልመልስ። ፓምፕዎ ጤነኛ ነው፣ እንዲያውም ጎበዝ ነው።

ቫኪዩም ፓምፕ "ይስባል" እንላለን እንጂ ዘይቱን የሚገፋው ከላይ የፍሬን ዘይት ቋቱ ላይ የተቀመጠው አየር ነው። ፓምፑ ከታች መንገድ ይለቅለታል፣ ያ ብቻ ነው። በባህር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 30 ኢንች ሜርኩሪ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች እዚህ ያለን 22 ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ከሌለ ነገር ላይ 25 መቀነስ አይቻልም። መመሪያውን የጻፈው ሰው ዝቅተኛ አገር ነው የሚኖረው። እኛ ቤት ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው፣ ባቄላም አልበስል እያለ ከሰል የሚያስጨርሰን በዚሁ ምክንያት ነው።

ለማንኛውም 22 አያስፈልግዎትም። 15 ይበቃል። ብዙ በሳቡ ቁጥር በጥርሱ የሚገባው አየርም ይበዛል።

ግንፍሌ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሻጩን በሆዴ ስረግመው ነበር፣ ይቅር ይበለኝ።

ባለ ኮሮላ፣ አመሰግናለሁ። ግን ወንድምህ ሳልሆን እህትህ ነኝ።

ቴፍሎኑን ዛሬ ማታ እገዛለሁ። የትኛውን ጎማ ላስቀድም? ቋቱ ላይ "ዶት 3" ይላል፣ ሱቅ ያገኘሁት የፍሬን ዘይት ግን ዶት 4 ነው። ይሆናል?

ባለ ኮሮላ

ይቅርታ እህቴ! ብሎን ፈታሁ ስትይ ዝም ብዬ ወንድ አደረግኩሽ። ቤት ያሉት እህቶቼ ይህን እንዳያዩ።

ዶት 4 ይሆናል። ሁለቱም አንድ ዘር ናቸው፣ ይደባለቃሉ። አዲስ ሲሆን ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 ደግሞ እስከ 230 ሳይፈላ መቋቋም አለበት። ዶት 5 የሚለውን ግን እንዳትነኪ፣ እሱ ሲሊኮን ነው፣ ከእነዚህ ጋር አይገናኝም። 5.1 ሌላ ነው፣ እሱ ችግር የለውም። ስም ያወጣላቸው ሰው ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ።

አሮጌ መካኒክ

ልጄ፣ ልጆቹ ደህና ነግረውሻል። እኔ የቀረውን ልጨምር።

ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ከሚገፋው ከዋናው ፖምፓ ከሚርቀው ጎማ ነው የሚጀመረው። መሪው ግራ ሲሆን ፖምፓውም አብዛኛውን ጊዜ ግራ ነው። ስለዚህ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ ይሆናል። ነገር ግን መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ቪትዝ ስንት አለ። ኮፈኑን ክፈቺና ፖምፓው የት እንደተቀመጠ በዓይንሽ እዪ። በወሬ አትሂጂ።

ክሪክ ከማስገባትሽ በፊት መሬቱን እዪ። የናንተ ሰፈር ተዳፋት ነው። ማርሽ ውስጥ አስገቢ፣ የማይነሱት ጎማዎች ስር ከሁለት በኩል ድንጋይ ሸጉጪ። ክሪክ ብቻ አምነሽ ከስር እንዳትገቢ። ስንቱን አይቻለሁ።

ብሎኑ 8 ወይም 10 ቁጥር ነው። በክብ ቁልፍ ፍቺው። በፒንሳ የሚታገል ሰው ብሎኑን ክብ አድርጎ ወደ እኔ ያመጣዋል፣ ከዚያ ዋጋው ሌላ ነው። እምቢ ካለሽ የዝገት ማላቀቂያ ነፊበትና እደሪበት፣ በጉልበት አይሆንም። ስትዘጊም ጨብጠሽ ጠበቅ ታደርጊዋለሽ እንጂ በሁለት እጅ አትንጠለጠዪበት።

አሁን ዋናው ነገር። የኋላዎቹ ታምቡር ናቸው ብለሻል። ታምቡሩ ውስጥ፣ ታምቡሩን ታክኮ የሚያቆመውን ሸራ የሚገፋ ትንሽ ፖምፓ አለ። የሱ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ጎማ) እንደ ጃንጥላ ነው። ዘይቱ ከውስጥ ሲገፋው ይዘረጋና ይዘጋል። ከውስጥ ሲሳብ ግን ይሰበሰባል፣ በጠርዙ አየር ያሳልፋል። በቫኪዩም የተስተነፈሰ ታምቡር አንዳንዴ ከበፊቱ የባሰ አየር ይዞ የሚወጣው ለዚህ ነው። ስለዚህ ኋላ ላይ ከ5 እስከ 10 ብቻ ሳቢ፣ ቀስ ብለሽ። ቴፍሎን አድርገሽም አረፋው ካላቆመ ታምቡሩን አውጪና የትንሹን ፖምፓ የአቧራ መከላከያ ጎማ በካቻቢቴ ጫፍ ገለጥ አድርገሽ እዪ። ደረቅ መሆን አለበት። እርጥብ ከሆነ ጎሚኒው አልቋል።

ሌላም ነገር አለ። ፔዳል ዝቅ ብሎ ሲደጋገም የሚጠነክረው ሁልጊዜ በአየር አይደለም። የኋላው ሸራ ከታምቡሩ ርቆ ከሆነም እንዲሁ ያደርጋል። የሸራ መጠበቂያውን አስተካክዪው። ይህን የማያውቅ ልጅ ሊትር ሙሉ ዘይት ያፈሳል።

ቋቱ እንዳይደርቅብሽ። ከደረቀ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። አምስት ስድስት ጊዜ በጨመቅሽ ቁጥር ተነስተሽ እዪው።

የላዳ ወዳጅ

እኔ ይሄን ቫኪዩም ምናምን አልወደውም። የላዳ ታክሲ ሾፌር ሆኜ ስሰራ ብቻዬን ነበር የማስተነፍሰው። ቱቦ ብሎኑ ላይ እሰካለሁ፣ ሌላውን ጫፍ ትንሽ ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ እነክራለሁ፣ የቋቱን ክዳን ከፍቼ ብሎኑን ላላ አደርጋለሁ። ከዚያ ሻይ። ዘይቱ በራሱ ክብደት ጠብ ጠብ ይላል፣ አየሩም ተከትሎት ይወጣል። ገንዘብሽን ለምን ፓምፕ ላይ ታወጪያለሽ?

አሮጌ መካኒክ

የላዳ ወዳጅ፣ እውነትህን ነው፣ ለታምቡር እንዲያውም እሱ ይሻላል። ግን ሻዩን ቡና ቤት ሄደህ እንዳትጠጣው። ቋቱ ስር ቁጭ ብለህ ነው። አንተ ስንቴ አድርቀኸዋል?

የላዳ ወዳጅ

ሁለቴ። ሁለተኛው ኳስ እያየሁ ነው።

ሾፌሯ

አንድ ነገር ከኔም። የፍሬን ዘይት ከአየሩ ውስጥ እርጥበት ይጠጣል። ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ፣ ወይም ከትልቅ ዕቃ እየተቀዳ የሚሸጥ አትግዢ። ሶማሌ ተራ ስትሄጂ ክዳኑ ስር ያለውን ማሸጊያ ራስሽ ግለጪው። በቱቦው የወጣውንም "ንጹህ ይመስላል" ብለሽ መልሰሽ ቋት ውስጥ እንዳትጨምሪ። ቀለም ላይ ከፈሰሰም በጨርቅ አትጥረጊው፣ ወዲያው ውሃ ድፊበት። እኔ ኮፈኔ ላይ የእጄን ቅርጽ የሚያክል ቀለም ልጦልኛል።

ግንፍሌ

እሁድ ጠዋት 2 ሰዓት ጀምሬ 7 ሰዓት ላይ ተነሳሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ፖምፓው ግራ ነው፣ አይቼዋለሁ። ኋላ ቀኝን በ8 ኢንች ሳብኩት። መጀመሪያ የወጣው ዘይት የጀበና ቡና ይመስል ነበር፣ ቀስ በቀስ ጠጅ መሰለ። አረፋው አስር ጊዜ ያህል ከጨመቅኩ በኋላ ቆመ። ደስ አለኝ። ኋላ ግራ ስደርስ ግን ቴፍሎን አድርጌም ሽርር ይላል። ሲሰለቸኝ ታምቡሩን አወጣሁት። አባባ እንዳሉኝ ጎማዋን በካቻቢቴ ስገልጣት ጠብ! ጣቴ ላይ። የሸራው ጠርዝም ወዟል። ለካ ጉዱ እዚያ ነው።

ፊት ቀኝ፣ ያ ቱቦ የተቀየረበት፣ በ15 ስስበው ሶስት ትልልቅ አረፋ አወጣ። እነዚያን በዓይኔ አየኋቸው፣ ባለ ኮሮላ እንዳለው ተቆራርጠው ነው የመጡት። ጋራዡ "አስተንፍሰነዋል" ያለኝ እነሱን ነው።

አሁን ጥያቄ፣ አባባ። ለኋላ ግራው ጎሚኒ ብቻ ልቀይር ወይስ ሙሉ ፖምፓውን? ሸራውስ ይታጠባል?

አሮጌ መካኒክ

ጎበዝ! ፒስቶኑን አውጪና ውስጡን በጣትሽ ዳብሺው። እንደ መስታወት ከለሰለሰ ጎሚኒ ይበቃል። ጣትሽን ከቆረቆረሽ ሙሉውን ቀይሪ። ዝገት ላይ አዲስ ጎሚኒ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። ዘይት የጠጣ ሸራ አይታጠብም። ቀይሪው፣ የግራውንም የቀኙንም አብረሽ። አንዱን ብቻ ከቀየርሽ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ትጎትትሻለች።

ግንፍሌ

ቆረቆረኝ። ሙሉውን ቀየርኩ፣ ሸራውንም ጥንዱን። ኋላ ግራን እንደ ላዳ ወዳጅ በራሱ ክብደት አስተነፈስኩት። ሻዬን ቋቱ አጠገብ ቆሜ ጠጣሁ። የሸራ መጠበቂያውንም ታምቡሩ ትንሽ እስኪታከክ ድረስ አስተካከልኩት።

ፔዳሉ አሁን ከላይ ይይዛል። ሞተር ሲጠፋ ድንጋይ ነው። ግን ረግጬው ሞተር ሳስነሳ ትንሽ ወረደ። ደንግጬ አጠፋሁት። አየር ቀርቶበት ይሆን?

ባለ ኮሮላ

እንኳን ወረደ! ሞተሩ ሲነሳ ለፍሬኑ ጉልበት የሚጨምረው ሰርቮ ስራ ጀመረ ማለት ነው። ባይወርድ ነበር የሚያስፈራው። ሌላ ነገር ሞክሪ፤ ሞተሩ እየሰራ ፔዳሉን አንድ ደቂቃ ያህል ተጭነሽ ያዢው። እዚያው ከቆመ ጨርሰሻል። ዘይት የትም ሳይንጠባጠብ ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ የዋናው ፖምፓ ጎሚኒ ነው።

ግንፍሌ

አንድ ደቂቃ ያዝኩት፣ ንቅንቅ አላለም። ግቢው ውስጥ በእግር ፍጥነት አስር ጊዜ ያህል አቆምኳት። ከዚያ በሰፈሩ ለጥ ያለ መንገድ ዞርኩ። ድልድዩን ነገ ጠዋት ሰው ሳይበዛ እሞክረዋለሁ።

የወጣው አሮጌ ዘይት አንድ የአምቦ ጠርሙስ ሞላ። የት ይጣላል?

ሾፌሯ

አሁኑኑ ከአምቦ ጠርሙስ አውጪው! ራስሽ ጠጅ ይመስላል አላልሽም? ልጅ አንስቶ ይጠጣዋል፣ መርዝ ነው። ዘይቱ በመጣበት ዕቃ መልሺና ላዩ ላይ በትልቁ ጻፊበት። ከሞተር ዘይትም ጋር አትደባልቂው። ያገለገለ ዘይት የሚሰበስብ ጋራዥ ለብቻው ይቀበልሽ እንደሆነ ጠይቂ። ቦይ ውስጥ ከደፋሽው መዳረሻው ግንፍሌ ወንዝ ነው።

ግንፍሌ

ገለበጥኩት። "የፍሬን ዘይት፣ መርዝ" ብዬም ጻፍኩበት። ወንድሜ ፎቶውን አይቶ "ማን ረገጠልሽ?" ብሎ ደወለ።

የላዳ ወዳጅ

ሻይ በይው።